ጥያቄና መልስ፦ ስታዱን ከመግዛትዎ በፊት የብሎኩን ፊት ይለኩ

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ቱርቦ የተገጠመለት ወይም የቱርቦው ግፊት ከፍ የተደረገለት ሞተር ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ከብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ካሉበት የሞተሩ አካል) እንዳይነሣ በምን ይታሰር?

በሜሪላንድ የሚኖሩ አንባቢ ባለ 3 ሊትሩን የቶዮታ 2ጄዜድ-ጂቲኢ ሞተር ወደ 800 የፈረስ ጉልበት ለማድረስ አስበዋል። የቴስታታው ስታድ፣ ማለትም ብሎኩ ላይ ተተክሎ ላዩ በዳዶ የሚታሰረው ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ኤአርፒ 2000 ከሚባለው ብረት ቢሆን ይበቃል ወይስ ከስተም ኤጅ 625 ፕላስ የተባለውን ውዱን ልግዛ ይላሉ። ደብዳቤያቸው ሦስት ገጽ ነው፤ ቴስታታው ስለሚያርፍበት የብሎኩ ፊት ግን አንድ ቃል እንኳ አላገኘሁበትም።

የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 86 ሚሊሜትር ነው። ቃጠሎው 150 ባር ግፊት ቢፈጥር በአንዱ ሲሊንደር ላይ ብቻ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ወደ 9 ቶን ይጠጋል፤ ይህን ችለው የሚይዙት ደግሞ ለስድስቱም ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ የተተከሉ 14 ስታዶች ናቸው። ኤአርፒ 2000 በስኩዌር ኢንች ወደ 220,000 ፓውንድ ይችላል፤ 625 ፕላስ ከ260,000 ይጀምራል። ቁጥሩን አይቶ ትልቁን መምረጥ ቀላል ነው። ነገር ግን በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ተጭኖ የሚይዘው ዳዶው ሲጠብቅ ስታዱ ተለጥጦ የሚስብበት ኃይል ነው። ስለዚህ ውዱን ስታድ ለርካሹ በተጻፈው ቶርክ (የማጥበቂያ ልክ) ካሰሩት ገንዘብዎን ከማውጣት በቀር ያገኙት ነገር የለም። አምራቹ በፈቀደለት ከፍተኛ ልክ ካሰሩት ደግሞ ስታዱ የብሎኩን ብረት ይስበዋል፤ ክብ ሆኖ የተሠራው ሲሊንደርም በላይኛው ጫፉ ክብነቱን ያጣል፤ የፒስተኑ ፋሻም (ቀለበቱ) ዙሪያውን እኩል መግጠም ያቅተዋል።

መፍትሔው ሲሊንደሩን ተስቦ ባለበት ሁኔታ ማስተካከል ነው። ቶርክ ፕሌት የሚባለውን ወፍራም ብረት በቴስታታው ቦታ አስቀምጦ፣ በእርስዎው ስታድና በመጨረሻው ቶርክ አስሮ ሆኒንግ (የሲሊንደሩን ውስጥ ፈግፍጎ ማስተካከል) የሚሠራ ማሽን ቤት ይፈልጉ። ስታዱ ከማሽን ሥራው በፊት ተመርጦ ከብሎኩ ጋር አብሮ መሄድ ያለበትም ለዚሁ ነው። የክራንክሻፍቱን ማሰሪያ ጭምር ወደ ስታድ ከቀየሩ ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው የሜይን ቤሪንጉ ቀዳዳዎች መስመር እንደገና ይለካ፤ ካስፈለገም ላይን ሆኒንግ ይሠራ።

ከዚያ የብሎኩና የቴስታታው ፊት ይቀራል። ከበርካታ ስስ ብረቶች የተነባበረው ጓርኒሲዮን ሸካራ ፊት አይወድም፤ ሸካራነቱ ከ1.27 ማይክሮሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ጥፍርዎን ፊቱ ላይ ሲጎትቱ የማሽኑ መስመር ከያዘው ሥራው ይመለስ። ካልያዘው ደግሞ ቸኩለው አይደሰቱ፤ የሚመሰክረው የሸካራነት መለኪያው ነውና ቁጥሩን በወረቀት ይቀበሉ። እኔ ብሆን ኤአርፒ 2000 ገዝቼ የዋጋውን ልዩነት ለማሽን ቤቱ እከፍል ነበር። ኤል 19 የሚባለውን የስታድ ብረት ግን አይንኩብኝ፤ እርጥበት ጠላቱ ነው፤ ላብ ባለው እጅ እንኳ አይያዝም።

ሌላ አንባቢ ከፋብሪካ የመጣውን የቴስታታ ቡሎን መልሼ ልጠቀምበት ወይ ብለዋል። ተለጥጦ እንዲቀር ሆኖ የተሠራ ከሆነ አይቻልም።

ስታዱ ብሎኩ ውስጥ በምን ያህል ቶርክ ይታሰር ላሉት፦ በእጅ። ቶርኩ የዳዶው ነው። የዳዶውን ጥርስና የሮንዴላውን ፊት ከስታዱ ጋር በመጣው ቅባት ይቀቡ፤ የሞተር ዘይት ከተኩበት ሰበቃው ስለሚጨምር ቁልፉ ያው ቁጥር ላይ ቢጮህም ስታዱ የሚፈለገውን ያህል አልተሳበም። ቀዳዳዎቹንም እስከ ሥራቸው ያድርቁ። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው፤ ከዓመታት በፊት ብሎክ አጥቤ አንዱን ቀዳዳ በአየር ሳላስነፋ ቡሎን አጠበቅሁበት፤ ሥሩ የቀረው ውሃ መታመቅ አይችልምና ብሎኩ ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ከጎኑ ተሰነጠቀ።

ከአዲስ አበባ የጻፉልን ባለ ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተራቸው ላይ ቱርቦ አስገጥመው ጓርኒሲዮኑ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎባቸዋል፤ ጋራዡም ስታድ ይግባ ብሏቸዋል። ጌታዬ፣ ይህ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ የወጣ፣ ነዳጁ በቅድሚያ በትንሽ ጓዳ ውስጥ የሚቃጠልበት፣ የመጨመቅ ልኩም ከ22 ለ 1 የሚበልጥ ነው። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ በፈለገ ጊዜ ነዳጁን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጨውን 1ኤችዲ-ቲ ሠራ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ነዳጅ ከልክ በላይ የተከፈተለት ሞተር ጭሱ ይጠቁራል፤ የጭሱም ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። ወደ አፋር ሲወርዱ ደግሞ የቱርቦው ግፊት ጌጅ ያንኑ ቁጥር እያሳየ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ይጨምራል፤ በቴስታታው ላይ ያለው ጫናም አብሮ ያድጋል። ስንጥቅ ያለበትን ወይም የተጣመመ ቴስታታ ስታድ አያድነውም። እባክዎ ስታድ ከመግዛትዎ በፊት ቴስታታው ወርዶ በግፊት ይፈተሽ፤ የነዳጅ ፖምፓው በባለሙያ ይስተካከል፤ የጭስ ሙቀት መለኪያም ይገጠም። ሳያወርድና ሳይለካ «ስታድ ይበቃል» የሚልዎትን ጋራዥ አመስግነው መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

በመጨረሻም በጓርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን ልቀባ ወይ ላሉት፦ አይቀቡ። ማሸጊያ የሚፈለገው እንደ አሮጌው የሸቭሮሌት ስሞል ብሎክ የስታዱ ቀዳዳ ወደ ውሃ መተላለፊያ ሲከፈት ነው፤ እዚያም ቢሆን በስታዱ የታችኛ ጥርስ ላይ ብቻ።