መልስ፦ ኡራንግ ኢንዲያንስ ለምን ተሸነፉ?

የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የነበሩት ኡራንግ ኢንዲያንስ፣ ዝነኛውን ስፖርተኛ ጂም ቶርፕን የመሰለ ጀግና ይዘው እ.ኤ.አ. በ1923 ከ11 ጨዋታ 10ሩን እንዴት ተሸነፉ ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ ጥፋቱን የማየው በቡድኑ ባለቤት በዋልተር ሊንጎ ላይ ነው። ሰውዬው ኦሃዮ ውስጥ ላሩ በምትባል ትንሽ ከተማ ውሻ እያራባ ይሸጥ ነበር። ቡድኑን በ100 ዶላር ያቋቋመውም ውሾቹን ለማስተዋወቅ ነው። ተጫዋቾቹ በሙሉ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ተወላጆች ነበሩ። በእረፍት ሰዓት ትንፋሽ መሰብሰብ ሲገባቸው ከውሾቹ ጋር ለተመልካች ትርኢት ያሳዩ ነበር! እንደዚህ ደክሞ ማን ያሸንፋል? ይህ በጣም ያናድደኛል። አብዛኛውን ጨዋታም ያደረጉት ከሜዳቸው ውጪ ነው። ቶርፕ ደግሞ አሰልጣኝም ተጫዋችም ነበር፤ ዕድሜውም ከ35 አልፏል። በዚያ ዓመት የረቱት ሉዊቪልን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ፈረሰ።