ስቫኔቲ፦ ስኪ፣ የድንጋይ ማማዎችና ጊዮርጊስን የሚያከብሩ ተራሮች

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን ስለ ስቫኔቲ ሲወራ ጥያቄው በዛና መሸብን። ስቫኔቲ ጆርጂያ ውስጥ፣ ካውካሰስ ተራሮች መሀል ያለ አገር ነው። ያልተመለሱትን እዚህ ልመልስ።

ከፒያሳ፦ ልጄ፣ ዳሸን እያለልን በረዶ ፍለጋ እዚያ ድረስ ምን አስኬዳችሁ?

ጋሼ፣ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም በረዶው ፀሐይ ሲወጣበት ይሟሟል። ስኪ ደግሞ፣ ማለትም እግር ላይ ረጃጅም ሰሌዳ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ለወራት የሚቆይ በረዶ ይፈልጋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የወከለው ሮቤል ተክለማርያምም ስኪ የለመደው አሜሪካ ነው።

ከካዛንቺስ፦ ከፍታው አያሳምምም?

አይዞህ። ዋናዋ ከተማ ሜስቲያ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ትበልጣታለች። ቴትኑልዲ በሚባለው የስኪ ቦታ ሊፍቱ፣ በገመድ የሚጎተተው ወንበር፣ እስከ 3,160 ሜትር ገደማ ያወጣሃል፤ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም አይርቅም። የሚያስቸግርህ ጭንህ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግርህ ውጣ፣ በእግርህም ውረድ። ቁልቁለቱን በታክሲ እንዳትመለስ፣ ስኪ ላይ የሚሠራው እሱ ነው። ጀማሪ ከሆንክ ሃትስቫሊ የሚባለው ሌላው የስኪ ቦታ ይሻልሃል፤ አስተማሪ ቅጠር። ከተስተካከለው መንገድ ውጪ ያለ መሪ አትውጣ። የበረዶ ናዳ ሰው ይገድላል።

ከቀበና፦ ምን ልያዝ?

ጂንስ ተዪው እህቴ፣ ከራሰ አለቀለት። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ። ስኪውና ጫማው እዚያው ይከራያል። የፀሐይ ቅባት አትርሺ፤ በረዶው ብርሃኑን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ነጠላም ያዢ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ትከናነቢበታለሽ።

ከአራት ኪሎ፦ ሰዎቹስ እንዴት ናቸው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ለስኪ ብቻ ሄዶ ሆቴል የሚያድር ሰው ያሳዝነኛል። ቤተሰብ ቤት እደሩ።

በየግቢው የድንጋይ ማማ ቆሟል። አብዛኛው ከ9ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ጠላት ወይም ደም ፈላጊ ሲመጣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እዚያ ይገባ ነበር። ከማማው ሥር ያለውን አሮጌ ቤት አሳዩን በሏቸው። መሀል ላይ ምድጃ፣ ዙሪያውን በተቀረጸ እንጨት የተሠራ የከብት ጋጣ፣ ከጋጣው በላይ የሰው መኝታ። የከብቱ ትንፋሽ ያሞቃቸው ነበር።

ማታ ኩብዳሪ የሚባል ሥጋ የተሞላ ዳቦ ይቀርባል። ሥጋው አይፈጭም፣ በቢላ ይከተፋል። በሽንኩርትና በስቫኔቲ ጨው ይታሻል፤ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላልና የአብሽ ዘመድ አብረው የተወቀጡበት ነው፣ ልክ እንደኛ ሚጥሚጣ የየቤቱ ይለያያል። ከዚያ ሊጥ ውስጥ ተሸፍኖ ይጋገራል። አረቄ ሲቀዳ ቶሎ አትጠጡ። ማዕዱን የሚመራ አባወራ አለ፤ እሱ መርቆ ነው የሚጠጣው። መጀመሪያ ለእግዚአብሔር፣ ቀጥሎ ለሊቃነ መላእክት፣ ሦስተኛው ለቅዱስ ጊዮርጊስ።

ከቻላችሁ ከፋሲካ አሥር ሳምንት ቀድሞ የሚውለውን ላምፕሮባ የሚባል በዓል ጠብቁ። ለጊዮርጊስ ክብር ችቦ ለኩሰው በበረዶው ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የደመራ አገር ልጅ ያንን ሲያይ ዝም ብሎ መቆም ይከብደዋል።

ከአምስት ኪሎ፦ ጾም ላይ ብሄድስ? ሃይማኖታቸው ከኛ ጋር አንድ ነው?

አንድ አይደለም። በ451 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ጋር በተያያዘ ተለያይተናል፤ ስለዚህ ቁርባን ላይ አትቅረብ። ገናና ፋሲካ ግን ከኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላሉ፣ ጥምቀትም አብዛኛውን ዓመት እንደዚያው። ዓቢይ ጾምን የሚጀምሩት ከኛ አንድ ሳምንት ዘግይተው ነው። "እጾማለሁ" ካልካቸው ቦሎቄ የተሞላ ዳቦ ይጋግሩልሃል።

ከጊዮርጊስ አካባቢ፦ መንገዱስ?

ቪዛ ያስፈልጋል፣ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ከዋና ከተማው ከትብሊሲ በባቡር ዙግዲዲ የምትባል ከተማ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ገደማ ሽቅብ። ትንሽ አውሮፕላንም አለ፣ ግን አየሩ ሲከፋ ይሰረዛል። ለመመለሻ ሁለት ቀን ትርፍ ያዙ።