ለሃይማኖት ሲዋጋ የሞተ ሁሉ ሰማዕት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ስለ መስቀል ጦርነት ሳነብ እ.ኤ.አ. በ1098 በአንጾኪያ የተዋጉት ዘማቾች ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ በነጭ ፈረስ መጥተው ረዱን ማለታቸውን አገኘሁ። እኛም ቤት በጦር ሜዳ የወደቀ ዘመድ አለን፤ አንዳንዶቹ «ለሃይማኖቱ ስለ ሞተ ሰማዕት ነው፣ ፍትሐት አያስፈልገውም» ይላሉ። ሰማዕታቱ ራሳቸው ወታደሮች ከነበሩ የዚህ አባባል ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በልዩ ልዩ መልክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሥሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወታደርን ካላወገዘች መግደልን ቀድሳለች የሚል ግምት ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ወደ እርሱ የመጡትን ጭፍሮች በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው አዘዛቸው (ሉቃ. 3፥14)። ሰይፋችሁን ጣሉ አላላቸውም፤ ሰይፋችሁ ያጸድቃችኋል ግን ከቶ አላለም።

ቅዱስ ጊዮርጊስን አክሊል ያቀዳጀው በሰልፍ የጣለው ጠላት አይደለም። የንጉሥ ወታደር ሳለ ለጣዖት አልሰግድም ብሎ፣ እጁን በማንም ላይ ሳያነሣ ተሠቃይቶ ሞተ። መርቆሬዎስም በሮማዊው ንጉሥ በዳኬዎስ ዘመን እንዲሁ ነው። «ከሓዲውን የሮም ንጉሥ ዑልያኖስን ሲወጋ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ የተሣለውስ?» ትለኝ ይሆናል። ዑልያኖስ የሞተው ሰማዕቱ ካረፈ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ሥዕሉ በትውፊት የተነገረንን የእግዚአብሔርን ፍርድ ያሳየናል እንጂ አክሊሉ ከምን እንደ መጣ አይነግረንም፤ ጦር እንድናነሣም አያዝዘንም።

የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮኑ ጳጳስ ለአምፊሎክዮስ ሲጽፍ፣ አባቶች በጦርነት የተደረገውን መግደል ከነፍሰ ገዳይነት እንዳልቆጠሩት ከመሰከረ በኋላ፣ የገደሉት ወታደሮች እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቍርባን ቢርቁ መልካም እንደ ሆነ መክሯል። በዐሥረኛው መቶ ዓመት ቀርጤስን ያስመለሰው ድል አድራጊ፣ የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ኒቄፎሮስ ፎቃስ፣ የወደቁ ወታደሮቹ በሰማዕትነት ይከበሩልኝ ብሎ በጠየቀ ጊዜ ፓትርያርኩ ፖሊየቅጦስና ጳጳሳቱ ይህንኑ ቀኖና ጠቅሰው እንቢ አሉት። ንጉሥን፣ ያውም አሸናፊ ንጉሥን፣ እንቢ ማለት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ምዕራባውያኑም ቢሆኑ ቀድሞ ከዚህ የራቁ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የተሻገሩት ኖርማኖች በሄስቲንግስ እንግሊዞችን ድል ካደረጉ በኋላ የገዛ ጳጳሳቶቻቸው በድል አድራጊዎቹ ላይ የንስሐ ቀኖና ጣሉባቸው፤ የሮሙ ፓፓ እንደራሴም አጸናው። ገድሎ ቍጥሩን የሚያውቅ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓመት፣ ያቈሰለና መሞቱን ያላወቀ ደግሞ በያንዳንዱ አርባ ቀን ንስሐ እንዲገባ ታዘዘ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1095፣ ፓፓ ኡርባኖስ ሁለተኛ በክሌርሞን ጉባኤ፣ ለክብር ወይም ለገንዘብ ሳይሆን ስለ መንፈሳዊ ፍቅር ብቻ ቤተ ክርስቲያንን ነጻ ለማውጣት ወደ ኢየሩሳሌም የሚዘምት ሁሉ ጕዞው ስለ ንስሐው ሁሉ እንዲቈጠርለት ወሰነ። ልብ በል፤ ትናንት ንስሐ የሚያስገባው ዘመቻ ዛሬ ራሱ ንስሐ ሆነ። በእኔ ዕይታ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ የጦርነቱ ምክንያት ትክክል ነበር አልነበረም ከሚለው ክርክርም ይብሳል። ቍስሉ ራሱ በመድኃኒቱ ቦታ ከገባ በኋላ ዘማቹን የሚገታው ምንድን ነው? በማግስቱ ዓመት ከዘማቾቹ አንዳንዶቹ በወርምስና በማይንትስ ከተሞች አይሁድን ፈጁ። ኢየሩሳሌም በ1099 ስትያዝ ብዙ ሙስሊሞችና አይሁድ ታረዱ፤ በ1204 ደግሞ ወደ ቅድስት አገር የወጡት መስቀል ለባሾች የክርስቲያኖችን ከተማ ቍስጥንጥንያን ዘረፉ።

በእኛም አገር ነገሥታቱ ታቦት አስይዘው መዝመታቸውን የሚያነሣ አለ። ታቦቱ የሚወጣው ሕዝቡ በጭንቁ ሰዓት እግዚአብሔርን እንዲማጸንበት ነው፤ የገዳይን እጅ ያነጻል ያለ ካህን ካለ የተናገረው ከራሱ ነው። ዳዊት በእግዚአብሔር ፈቃድ ተዋግቷል፤ ነገር ግን ብዙ ደም አፍስሰሃልና ቤቴን አትሠራም ተባለ (1 ዜና 22፥8)። ዳዊትም አልተከራከረም፤ ዕንጨቱንና ድንጋዩን አዘጋጅቶ ሥራውን ለልጁ ተወ።

እንግዲህ ወደ ዘመዳችሁ ልመለስ። ለሰማዕት በዓል እናከብራለን፣ አማልደን እንለዋለን፤ ፍትሐት አናደርስለትም። ለዘመዳችሁ ግን ፍትሐቱን አታስቀሩበት፤ ሰማዕት ነው እያላችሁ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገውን ጸሎት አትንሡት። ወገኑን ለማዳን ብሎ ከሆነ የወደቀው፣ ይህን ልቡን የሚያውቅ አምላክ አለ፤ እኛ የምንለምነው ይቅርታውን ነው። አብረውት ዘምተው በሕይወት የተመለሱትንም በጭብጨባ ብቻ አትሸኟቸው። ሌሊት የሚያባንናቸው ነገር ካለ ወደ ንስሐ አባታቸው ይዘሃቸው ሂድ፤ የቀኖናውን ልክ እርሱ ያያል፤ አንተ ከደጁ አድርሳቸው።