ኡቡንቱ 24.04 መሀል መንገድ ላይ ሲቆም ፎርማት አይደረግም

ከጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ የምትሠራው እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይህ ነው። የሱቋን ኮምፒውተር ኡቡንቱ ከሚባለው ሥርዓት (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) 22.04 ስሪት ወደ 24.04 ስታሻሽል መሀል ላይ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ከአርማው በኋላ ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። በአሮጌው ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት በሆነው ፕሮግራም) ስትገባ ይከፈታል፤ ነገር ግን ዋይፋይ የለም፣ አማርኛ አይጽፍም፣ ማተሚያውም አልታዘዝ ብሏል። የጠራችው ባለሙያ «ፎርማት ይደረግ» ብሏታል።

እህቴ፣ ፎርማት አታድርጊ። ክረምት በገባ ቁጥር መብራት በነጎድጓድ በሚጠፋበት በጅማችን ይህ ዓይነቱ ነገር በየሱቁ ይገጥመኛል። ሁሌም የማየው አንድ ስህተት አለ፤ ሰው ስክሪኑን ለብቻ፣ ዋይፋዩን ለብቻ፣ ማተሚያውን ለብቻ ሲያሳድድ ይውላል። አንቺን አራት ችግር የያዘሽ ይመስልሻል እንጂ የያዘሽ በአብዛኛው አንድ ነው፦ ማሻሻያው አላለቀም። መጀመሪያ እሱን አስጨርሺ። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ካለ እሱ እውነተኛ ችግር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡቡንቱ ሲሻሻል በቅድሚያ ሁሉንም ፓኬጅ (ፕሮግራሞቹ የታሸጉበትን ጥቅል) ያወርዳል፣ ቀጥሎ ይዘረጋዋል፣ በመጨረሻ ያዋቅረዋል። መብራቱ በመዘርጋትና በማዋቀር መካከል ከጠፋ ዕቃው ቤት ገብቶ ከካርቶኑ ሳይወጣ ይቀራል። በአሮጌው ከርነልም ዋይፋይ ማጣትሽ ይህንኑ ይነግረኛል። ችግሩ ድራይቨሩ (ዕቃውን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ቢሆን ኖሮ ትናንት ይሠራበት በነበረው ከርነል ዛሬም ይሠራ ነበር። ስለዚህ ዋይፋዩን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማናጀር ገና አልተዋቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። ደስ የሚለው ደግሞ አብዛኛው ፓኬጅ አስቀድሞ ወርዶ ዲስክሽ ላይ ተቀምጧል፤ የመጀመሪያው ጥገና ኢንተርኔት አይፈልግም።

ከመጀመርሽ በፊት የደንበኞችሽን ፋይል ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጪ፤ አሮጌው ከርነል እስከከፈተልሽ ድረስ ይህ ቀላል ነው። ዴስክቶፑን ዩፒኤስ ላይ ሰኪው። ዩፒኤስ ከሌለሽ መብራት የማይረብሽበትን ሰዓት ምረጪ። የምሠራው አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ ግን እንዲህ ያለ ሥራ አልጀምርም።

አሁን ወደ ሥራው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኢስኬፕን ተጫኚ፤ አሮጌ ማሽን ከሆነ ሺፍትን። በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፍተሽ ቀድሞ የከፈተልሽን አሮጌውን ከርነል ምረጪ። ከገባሽ በኋላ በመስኮት ውስጥ ባለው ተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት ሳጥን) አትሥሪ። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3ን አብረሽ ተጫኝና በጽሑፍ ብቻ ወደሚሠራው ስክሪን ውጪ። ምክንያቱም ማዋቀሩ መስኮቶቹን የሚያስተዳድረውን ክፍል ራሱን አጥፍቶ ሊያስነሣው ይችላል፤ ያኔ ተርሚናልሽም አብሮ ይዘጋና ሥራው ዳግመኛ መሀል ላይ ይቆማል።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ አንቺ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ታስገቢያቸዋለሽ። የመጀመሪያው «ሱዶ ዲፒኬጂ»፣ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝና «ኮንፊገር»፣ ክፍተት፣ አንድ ሰረዝና «ኤ» ነው። ብዙ መሥመር ይወርዳል፤ አንዳንዱ ላይ ደቂቃዎች ቢቆይ አትደንግጪ። መሀል ላይ አንድ የቅንብር ፋይል ተለውጧል፣ የድሮው ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። ፋይሉን ለምን እንደለወጥሽው ካላስታወስሽ ኢንተርን ብቻ ተጫኚ፤ የድሮውን ያቆይልሻል። ሲጨርስ «ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል» ብለሽ፣ ክፍተት፣ አንድ ሰረዝና «ኤፍ» ጨምሪ። ይህ እርስ በርስ ያልተግባቡትን ፓኬጆች ያስታርቃል። ሊያጠፋቸው ያሰባቸውን ሲዘረዝርልሽ አንብቢ። በዝርዝሩ ውስጥ «ኡቡንቱ ዴስክቶፕ» ካለ «አይ» በይና ዝርዝሩን እዚህ ለጥፊው።

ከዚህ በኋላ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ዋይፋዩ አሁንም ካልመጣ ስልክሽን በቻርጀር ኬብሉ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተሽ በስልኩ ቅንብር ውስጥ በዩኤስቢ ኢንተርኔት ማጋራትን ክፈቺ፤ ድራይቨር ሳይጠይቅ ይሠራል። የሚወርደው ብዙ ከሆነ የሌሊት ጥቅል ይረክስልሻል። «ሱዶ ኤፒቲ አፕዴት» ስትዪ በሚወርዱት መሥመሮች ላይ «ኖብል» የሚል ስም ማየት አለብሽ፤ የ24.04 መጠሪያ ነው። የ22.04 መጠሪያ የሆነው «ጃሚ» ከ«ኖብል» ጋር ተደባልቆ ከመጣ ግን ቀጥ በይና ጠይቂ። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲጫኑ የሚመጣውን ጣጣ መፍታት በእርግጥም ፎርማት ያስመኛል። ሁሉም «ኖብል» ከሆነ «ሱዶ ኤፒቲ ፉል»፣ ሰረዝ፣ «አፕግሬድ» ብለሽ አስጨርሺ።

እዚህ ላይ ሰው የማይጠረጥረው አንድ እንቅፋት አለ፤ ሰዓቱ። ዕድሜ የጠገቡ ዴስክቶፖች የማዘርቦርድ ባትሪያቸው ስለሚሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ኤፒቲ (ፓኬጅ የሚያወርደውና የሚጭነው ፕሮግራም) ፋይሉ «ገና አልጸናም» እያለ ይከሳል፤ ማሰሻውም ድረ ገጾችን ሁሉ አላምናቸውም ይላል። ሰው ኔትወርኩን ይረግማል። ቀኑን አስተካክዪ፤ ባትሪውን ደግሞ ሲአር 2032 ብለሽ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ ጠይቂ።

ሌላው እንቅፋት የቡት ክፍል (ከርነሎቹ የሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) መሙላት ነው። «ቦታ የለም» የሚል ስህተት ካየሽ «ዲኤፍ»፣ ክፍተት፣ አንድ ሰረዝና «ኤች» ብለሽ እዪ። ቡት ለብቻው የተከፈለው ዲስኩ ሲጫን ከተመሰጠረ ወይም የጫነልሽ ሰው በእጁ ከከፈለው ነው። ሞልቶ ካገኘሽው አሮጌ ከርነሎችን በ«ሱዶ ኤፒቲ አውቶሪሙቭ» አስወግጂ። ፋይሎቹን በእጅሽ እየመረጥሽ አታጥፊ፤ አሁን የተቀመጥሽበትን ቅርንጫፍ ልትቆርጪ ትችያለሽ።

ይህን ሁሉ ጨርሰሽ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ስታስነሺው በአዲሱ ከርነል በደንብ ከከፈተ ለስክሪኑ የምለው የለኝም። ጥቁሩ ከቀጠለና ማሽኑ የኤንቪዲያ ካርድ ካለው፣ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል አልተገነባም ማለት ነው። በአሮጌው ተመልሰሽ ግቢና «ኡቡንቱ»፣ ሰረዝ፣ «ድራይቨርስ ዲቫይስስ» የሚለው ትእዛዝ ለካርድሽ የሚስማማውን እንዲነግርሽ ጠይቂው፤ «ሱዶ» ቀድሞት በ«ዲቫይስስ» ፋንታ «ኢንስቶል» ስትዪ ይጭነዋል። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ድራይቨር እንዳይነሣ የሚከለክለው መከላከያ) ከበራ ግን ጫኚው የይለፍ ቃል ያስመርጥሻል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣም ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኚ ይልሻል። የሚጠብቅሽ ለ10 ሴኮንድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህ ምንድን ነው እያለ ያሳልፈውና ድራይቨሩ አልሠራም ብሎ ይመለሳል። ቁልፍ ተጫኚ፣ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን ምረጪ፣ የይለፍ ቃሉን አስገቢ። ካርዱ በጣም አሮጌ ከሆነ አዲሶቹ ድራይቨሮች ስለማይደግፉት የኤንቪዲያውን አስወግደሽ ኑቮ በሚባለው ነፃ ድራይቨር ቀጥዪ። ለጽሕፈት ሥራ ይበቃል። ከፍቶልሽ መስኮቶቹ ብልጭ ድርግም ካሉ ደግሞ የይለፍ ቃል በምታስገቢበት ገጽ ከታች በስተቀኝ ያለችውን ጥርስ መሳይ ምልክት ነክተሽ «ኡቡንቱ ኦን ዞርግ» የሚለውን ምረጪ።

አማርኛው። ለአንቺ ሥራ ዋናው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። «አማርኛ» የሚለው ስም ከላይ ይታይሻል፣ ስትጽፊ ግን ላቲን ብቻ ይወጣል ብዬ እገምታለሁ። ስሙ የቅንብር ትውስታ ነው፤ ፊደሉን የሚቀይረው ፓኬጅ «አይባስ»፣ ሰረዝ፣ «ኤም 17 ኤን» ይባላል፤ እሱ ሳይዋቀር ቀርቶ ወይም ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። በኤፒቲ ጫኚው፤ ከዚያ «አይባስ ሪስታርት» በዪ ወይም ከመለያሽ ወጥተሽ ግቢ። በቅንብር ውስጥ ኪቦርድን ከፍተሽ የድሮውን «አማርኛ» አጥፊና ከአዲስ ጨምሪ፤ «ሰራ» የሚለውን (አማርኛን በላቲን ቁልፎች የሚያስጽፈውን) ምረጪ። «ሰ» እና «ለ» ብለሽ ፈትሺ፤ በመቀጠል «ኘ» እና «ጰ»ን። ቋንቋ የሚቀያይሩት የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍና ስፔስ ናቸው።

የፊደል ቅርጹ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ከዊንዶውስ በሚመጡ ሰነዶች ላይ ደንበኞችሽ ኒያላን ይጠቀማሉ፤ ኒያላ ከኡቡንቱ ጋር አይመጣም፤ ሊብሬኦፊስም በሌላ ይተካዋል። ፊደሉ ይነበባል፤ ስፋቱ ግን ስለሚለያይ ገጹ ይንሸራተታል፤ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የርዕስ ማውጫ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ ከማተምሽ በፊት ደንበኛው ፒዲኤፍ ይዞ እንዲመጣ አድርጊ፤ ካልሆነ ማውጫውን ራስሽ አድሺው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ደብዳቤዎችም ፎንቱ ከሌለ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆነው ይታያሉ። ያ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም።

ማተሚያው ኤችፒ ሌዘርጄት፣ በተለይ 1020 ወይም ፒ1102 ከሆነ መልሱ አጭር ነው። እነዚህ ከድራይቨሩ በተጨማሪ የኩባንያውን ፕለጊን ይፈልጋሉ፤ ፕለጊኑም ከኤችፕሊፕ ፕሮግራሙ ስሪት ጋር መመሳሰል አለበት። ማሻሻያው ኤችፕሊፕን ስለለወጠ «ኤችፒ»፣ ሰረዝ፣ «ፕለጊን» የሚለውን ትእዛዝ ከተርሚናል አስኬደሽ አዲሱን አውርጂ። ሌላ ዓይነት ከሆነ ከቅንብሩ ሰርዘሽ ከአዲስ ጨምሪው፤ አብዛኛው በዚህ ይድናል። ከውጭ የተጫነ ድራይቨር የነበረው ደግሞ የውጭ ምንጮች በማሻሻያው ጊዜ ሆን ተብለው ስለሚዘጉ አንድ በአንድ ለ24.04 መኖራቸውን እያረጋገጥሽ ክፈቻቸው።

ድምፅ ከጠፋ 22.04 በፐልስኦዲዮ ይሠራ የነበረውን 24.04 በፓይፕዋየር ስለተካው ነው፤ ከድምፅ ቅንብር ውስጥ መውጫውን ዳግመኛ መምረጥ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ከኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ተማሪዎች፣ የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው። ፓይተን ከ3.10 ወደ 3.12 ስለዘለለ ለየፕሮጀክቱ የፈጠራችኋቸው የድሮ ምናባዊ ክፍሎች («ቬንቭ») አይሠሩም፤ አጥፍታችሁ ከአዲስ ፍጠሩ። የሥርዓቱን ፓይተን ወደ ሌላ ስሪት የሚመራ አገናኝ ከሠራችሁ ደግሞ ተርሚናሉ ራሱ አልከፈት ይላል፤ መልሱት።

ፎርማትን ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ነገር ግን የሚያስፈልገው ዲስኩ ራሱ ሲሞት ከሆነ ፎርማትም አያድነውም፤ ዲስክ መግዛት ነው። «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ስክሪን ላይ ከቆመብሽ፣ ዲስክ በሚፈትሸው «ኤፍኤስሲኬ» ትእዛዝ ካስጠገንሽው በኋላም ያው ስህተት ከተመላለሰ ዲስኩን ጠርጥሪ።

በዚህ ሁሉ ካልተፈታ «ቫር»፣ «ሎግ»፣ «ዲስት ሰረዝ አፕግሬድ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን «ኤፒቲ ሰረዝ ተርም» የተባለ ፋይል የመጨረሻዎቹን መሥመሮች በስልክሽ አንሥተሽ ለጥፊ፤ መብራቱ ሲጠፋ የትኛው ፓኬጅ ላይ እንደነበር እዚያ ይታያል። ሱቅሽ ውስጥ በ22.04 ላይ ያለ ሁለተኛ ኮምፒውተር ካለ ደግሞ ለአሁኑ አትንኪው፤ 22.04 እስከ እ.ኤ.አ. 2027 የደኅንነት ማስተካከያ ያገኛል፤ ይህኛው እስኪጠገን ደንበኞችሽን በእሱ አስተናግጂ።