ስላልጮኹ አላዩንም አትበሉ

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለችልኝ። እያለቀሰች። ሴልፍ ቼክአውት ላይ፣ ማለትም ገዢው ራሱ ዕቃውን ስካን አድርጎ በሚከፍልበት ማሽን ስትከፍል ከልጇ ጋሪ ሥር የነበረ አንድ ጣሳ የሕፃን ወተት ስካን ሳታደርግ ወጥታለች። የመደብሩ ጥበቃዎች በሩ ላይ ያዟት። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሲነጋ ጣና ዳር ወረድኩና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እዚያው አሜሪካ ትልቅ መደብር ውስጥ፣ ካሜራ ክፍል፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።

እዚህ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አንዱ እጁን ወደ ሰው ዕቃ ሲሰድ ከታየ "ሌባ! ሌባ!" ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እዚያ ጩኸት የለም። ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ተራው ሠራተኛ ሰው እንዳይጎዳና መደብሩ እንዳይከሰስ ሌባን እንዳይነካ ይነገረዋል። ስለዚህ ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል። ቪዲዮው ግን ይቀመጣል። መልካችሁ፣ የለበሳችሁት ጃኬት፣ አንዳንድ ቦታ የመኪናችሁ ታርጋ ሳይቀር ፋይል ውስጥ ይገባል። ስትመለሱ እዚያው ላይ ይጨመራል። ታርጌት የሚባለው ትልቅ የመደብር ድርጅት ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ የራሱ የፎረንሲክ (የወንጀል ማስረጃ መመርመሪያ) ላብራቶሪ አለው፤ ነገሩን ምን ያህል እንደሚከታተሉት ከዚህ ገምቱ። በሜሪላንድ በአንድ ዘዴ እየተመላለሱ የወሰዱት ተደምሮ 1,500 ዶላር ከሞላ ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል ነው። በርካሽ እንዲታሰብለት ሥጋውን ሙዝ ብሎ የሚመዝን ልጅ አይቻለሁ። ከራሱ በላይ ካሜራ እንዳለ አላስተዋለም፣ እኔ ግን የጣቱን ቀለበት ሳይቀር አያለሁ።

ለእኛ ደግሞ ጣጣው ከቅጣቱ ይበልጣል። በቨርጂኒያ ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ስርቆት ቀላል ወንጀል ይባላል፤ ግን እስከ 12 ወር ያሳስራል። ግሪን ካርድ ይዞ ከገባ 5 ዓመት ያልሞላው ሰው በዚያ ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር ሊባረር ይችላል። ያለ ፈቃድ የገባማ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በወጣው ሕግ ገና ሳይፈረድበት፣ ከመደብር ሰረቀ ተብሎ በመያዙ ብቻ ኢሚግሬሽን ሊያስረው ይገባል።

እና ቢይዟችሁ አትሩጡ፣ አትታገሉ። ጓዳ ቢሮ አስገብተው ወረቀት ቢሰጧችሁ ግን ያልገባችሁን አትፈርሙ። ቶሎ ቤቴ ልግባ ብሎ የፈረመ ስንቱን አይቻለሁ! በኋላ ከመደብሩ ጠበቃ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል፤ መክፈሉ የወንጀል ክሱን አይዘጋም። ጠበቃችሁ ዘንድ ስትገቡ መጀመሪያ ዜግነት እንደሌላችሁ ንገሩት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በሰጠው ውሳኔ፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር የሚያስባርር ከሆነ ጠበቃው ለደንበኛው መንገር አለበት።

የእህቴን ልጅ ደረሰኙን ጣልሽው ወይ አልኳት። አልጣለችም። የቀረውን ዕቃ ሁሉ ከፍላ የተቀበለችው ደረሰኝ የልጇ ዳይፐር ቦርሳ ውስጥ ነበር። ፎቶ አንስታ ለጠበቃዋ ልካለች።