«በቃኝ አሉ፤ አነሣሁት»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ታናሽ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል፤ በሥራው የሚያማርር ደንበኛ የለም። ችግሩ ከሰው ጋር ሲሆን ነው። ለቅሶ ቤት አንድ ሽማግሌ «ምነው ጠፋህ?» ቢሉት «አልጠፋሁም፤ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ» ብሎ መለሰላቸው። ባለፈው ደግሞ አጎታችን ከኮምቦልቻ መጥተው ምሳ ሲበሉ፣ ገና «በቃኝ» ከማለታቸው ትሪውን አነሣው። እናታችን በኀፍረት ሞተች። ስንቆጣው «በቃኝ አሉ፤ አነሣሁት» አለን። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሰው ዓይን አያይም፤ ቡና ላይ ጨዋታው ሲደምቅ ተነሥቶ ይወጣል። ጠበል ወስደነዋል፤ ሼሆችም ዱዓ አድርገውለታል። አሁን ስለ ኦቲዝም በሬዲዮ ሰምቼ ደነገጥኩ። በዚህ ዕድሜ ይኖራል? ለሰው አያዝንም ማለት ነው? መድኃኒትስ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ዕድሜም ይኖራል። ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ ከሰው ጋር አብሮ የሚያድግ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 (እ.ኤ.አ.) ስለ 11 ሕፃናት ጽፎ ካስተዋወቀው ወዲህ ለረጅም ጊዜ የሕፃናት ጉዳይ ተደርጎ ታየ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ማዕከል የከፈቱት ለልጆች ነበር፤ ባለውለታችን ናቸው። እንደ ወንድምዎ ተናግሮ፣ ተምሮ፣ ሠርቶ የሚያድር ሰው ግን «ጠባዩ ነው» ተብሎ ያልፋል። በደብዳቤ ብቻ ኦቲዝም ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም፤ የጻፉልኝ ግን መመርመር የሚገባው ነው።

እስቲ ያቺን «በቃኝ» እንመልከታት። እኔም ያደግሁት ወሎ ነው። በእኛ ቤት የእንግዳ የመጀመሪያ «በቃኝ» ማለት «ጨዋ ነኝ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ትንሽ ለምኑኝ» ነው። የእውነቱ «በቃኝ» የሚመጣው «በሞቴ» ከተባለ፣ ጉርሻ ከተጨመረ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ከአንዲት ቃል ለማውጣት የእንግዳውን ፊት፣ እጁ ከትሪው መራቅ አለመራቁን፣ የድምፁን መላላት በአንድ ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። እኛ ሳናስበው እናደርገዋለን። የነርቭ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ችሎታ ማኅበራዊ ግንዛቤ ይሉታል።

በ1985 (እ.ኤ.አ.) ባሮን ኮኸን፣ ሌስሊና ፍሪዝ ኦቲዝም ላለባቸው 20 ሕፃናት በአሻንጉሊት ትንሽ ተውኔት አሳዩ። አንዷ አሻንጉሊት ብዩዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች፤ ሌላዋ ወደ ሣጥን ታዛውረዋለች። የመጀመሪያዋ ስትመለስ የት ትፈልጋለች? ስትዛወር አላየችምና የምትፈልገው ቅርጫቱ ውስጥ ነው፤ ከ20ዎቹ 16ቱ ግን ሣጥኑን እያሳዩ ሳቱ። ከዚያ በኋላ «የሌላውን ሐሳብ አያውቁም» የሚል ፍርድ ተስፋፋ። ነገር ግን ጥናቱ ወደ አዋቂዎች ሲሻገር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ብዙዎቹ ይህን የመሰለ ጥያቄ በትክክል ይመልሳሉ። የሚከብዳቸው በጨዋታ መሐል፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በቅጽበት ማንበቡ ነው። ወንድምዎን ለብቻው አስቀምጠው «አጎታችን በቃኝ ያሉት ለምን ይመስልሃል?» ብለው ቢጠይቁት ጥሩ መልስ ሊሰጥዎት ይችላል። ትሪው ፊት ግን ለዚያ የሚሆን ጊዜ አልነበረውም።

ከሁሉ በላይ እንዲሰሙልኝ የምፈልገው የተመራማሪው የኖዋ ሳሰንንና የባልደረቦቹን ሥራ ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን አዋቂዎች በአጭር ቪዲዮ ያዩ ሰዎች በሰከንዶች ውስጥ ዝቅ አድርገው ፈረዱባቸው፤ ለመቀራረብም ብዙ አልፈለጉም። የተናገሩት ነገር በጽሑፍ ብቻ ሲቀርብ ግን ያ ፍርድ ጠፋ። ሰዎቹን ያስጠላቸው ንግግሩ አልነበረም፤ አነጋገሩና የፊት ሁኔታው ነበር። ቆይቶም ተመልካቾቹ ሰውየው ኦቲዝም እንዳለበት አስቀድመው ሲነገራቸው ፍርዳቸው ለዘብ አለ። እንግዲህ ያለመግባባቱ ሸክም ሁሉ ለምን ወንድምዎ ላይ ብቻ ይጫናል? እሱ እኛን እንደማያነበን እኛም እሱን አናነበውም። ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ዴሚየን ሚልተንም ይህንኑ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል።

ለሰው ስለ ማዘኑ፦ የሌላውን ስሜት መለየትና ለሌላው ማዘን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማልቀስዎን ከፊትዎ ላይ ላያነብ ይችላል፤ «እያዘንኩ ነው» ቢሉት ግን ሊያዝን፣ ሬዲዮውን ጥሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚፈልጉትን በቃል ይንገሩት። «እንግዳ በቃኝ ሲል ሁለት ጊዜ ይብሉ በል፤ በሦስተኛው አንሣ» ማለት ለእሱ ከቁጣ ሁሉ የሚበልጥ እርዳታ ነው። ዓይን እንዲያይ አያስገድዱት። ከቡናው ሲወጣም ይተዉት፤ ጫጫታው እውነት እያሳመመው ሊሆን ይችላል። አቦሉ ላይ ካልሆነለት በረካው ላይ፣ ሰው ሲሳሳ ይምጣ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ኦቲዝምን የሚያጠፋ እንክብል የለም፤ አለ የሚል ሰው ከመጣ ገንዘብዎን አይስጡ። አብረውት የሚመጡት ጭንቀትና ድብርት ግን ይታከማሉ። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እሱ ከፈቀደ ይዘውት ይሂዱ። ምርመራው በደም ወይም በራጅ አይደለም፤ በጥያቄና በልጅነት ታሪክ ነው። መቼ አፉን እንደ ፈታ፣ ከልጆች ጋር እንዴት ይጫወት እንደ ነበር የሚያውቁት እናትዎ ናቸውና አብረው ይምጡ። በደንብ መስማቱ እንዲታወቅ ጆሮውም ይታይለት። ጠባዩ በድንገት ቢለወጥ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ቢሰማ፣ እንቅልፍና ምግብ ቢተው ወይም መኖር እንዳስጠላው ቢናገር ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዱት።

እናትዎንም አንድ ነገር ይንገሩልኝ። በአንድ ወቅት የእናት ፍቅር ማነስ ኦቲዝምን ያመጣል የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። ስሕተት ነበር። እሳቸው ያጎደሉበት ነገር የለም።