ያቺ ባለስድስት አኃዝ ቁጥር

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት በአንድ የመልእክት መተግበሪያ ከቅርብ ጓደኛዬ አካውንት መልእክት ደረሰኝ። «ኮዴ በስህተት ወደ አንቺ ስልክ መጥቷል፤ ሰዓቱ ሳያልፍብኝ ቶሎ ላኪልኝ» ይላል። እኔም የመጣልኝን ባለስድስት አኃዝ ቁጥር ሳላመነታ ላክሁላት። ወዲያው አካውንቴ ተዘጋብኝ፤ ማምሻውን ደግሞ ዘመዶቼ በእኔ ስም ገንዘብ ሲጠየቁ እንደዋሉ ሰማሁ። የይለፍ ቃሌን በየወሩ ስለምቀይር ራሴን እንደ ጠንቃቃ ሰው እቆጥር ነበር። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? አሁንስ ምን ላድርግ?
ስሜ ይቆይልኝ ያልሁ አንባቢ

መልስ፦ ጓደኛዎን አይቀየሟት። ከእርስዎ ቀደም ብሎ በእሷም ላይ ይኸው ሳይፈጸም አልቀረም፤ ሌባው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገረው የሚተዋወቁ ሰዎችን መተማመን ድልድይ አድርጎ ነውና።

መተግበሪያው ያን ቁጥር የሚልከው፣ በስልክ ቁጥሩ አካውንት ልክፈት ያለው ሰው ስልኩ በእርግጥ በእጁ መሆኑን ለማጣራት ነው። ስለሆነም ወደ እርስዎ ስልክ የመጣ ኮድ የእርስዎን በር እንጂ የሌላ የማንንም በር አይከፍትም፤ «በስህተት መጣ» የሚለው ምክንያት ከመነሻው ውሸት ነበር። መልእክቱን እንደገና ከፍተው ቢያዩት፣ ከቁጥሩ ሥር «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» የሚል መስመር ሳያገኙ አይቀሩም። ሌባው ያጣደፈዎት ያን መስመር እንዳያነቡት ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ለዘመዶችዎ ደውለው በራስዎ ድምፅ ይንገሯቸው፤ ገንዘብ የላከ ካለ በዚያው ሰዓት ለባንኩ ያመልክት። ቀጥሎ መተግበሪያውን በራስዎ ቁጥር እንደ አዲስ ይክፈቱት፤ ለምሳሌ በዋትስአፕ አዲሱን ኮድ ሲያስገቡ ሌባው ከአካውንቱ ይወጣል። ሌባው ሁለተኛ የሚስጥር ቁጥር አስገብቶበት ከሆነ ግን 7 ቀን መጠበቅ ግድ ይሆናል። አካውንቱ ከተመለሰልዎ በኋላ የራስዎን ሁለተኛ የሚስጥር ቁጥር ያስገቡበት። የኢሜይልዎንም ነገር አይርሱ፤ የሌሎቹ አካውንቶች የይለፍ ቃል ሲጠፋ መተኪያው የሚላከው ወደ እሱ ስለሆነ፣ ኢሜይሉን የያዘ ሁሉንም ያዘ ማለት ነው።

የይለፍ ቃልን በየወሩ መቀየር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጥቅሙ ድካሙ ያመዝናል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ቃሉ ስለመሰረቁ ምልክት ከሌለ ተጠቃሚዎች በየጊዜው እንዲቀይሩ መገደድ እንደሌለባቸው አስፍሯል፤ ሰው ቀይር ሲባል የመጨረሻዋን አኃዝ ከ1 ወደ 2 አሳድጎ ያልፋላ! የሚበጀው ለየአገልግሎቱ የተለያየና ረዥም ቃል መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ ድርጅት 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃሎች ሲሰረቁ፣ ከሁሉ በብዛት የተገኘው «123456» ነበር። እንዲህ ከአንድ ቦታ የወጣን ዝርዝር ሌቦች በሌሎች ድረ ገጾች ሁሉ ይሞክሩታል፤ ቃልዎ በሁሉም ቦታ አንድ ከሆነ የአንዱ መዘረፍ የሁሉም መዘረፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ ቃል በጭንቅላት መያዝ ስለማይቻል የይለፍ ቃል ማስቀመጫ መተግበሪያ ይጠቀሙ።

አገልግሎቱ ፓስኪ የሚባለውን መግቢያ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ እሱን ይምረጡ። ምስጢሩ በስልክዎ ውስጥ ተቀምጦ በጣት አሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ ቁጥር ብቻ ስለሚሠራ፣ ማንም ቢያጣድፍዎ ጽፈው የሚልኩለት ቁጥር አይኖርዎትም።

ጥያቄ፦ በአድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ያለው ድረ ገጽ ሁሉ አስተማማኝ ነውን?

መልስ፦ አይደለም። ምልክቱ የሚናገረው በእርስዎና በድረ ገጹ መካከል ያለው መንገድ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው፤ በመንገዱ ጫፍ የተቀመጠው ሌባ ሊሆን ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቱን ክሮም ከተባለው የድረ ገጽ መክፈቻው ያነሣው ሰዎች እንደ መተማመኛ ስለወሰዱት ነው። ይልቁንስ አድራሻውን ያንብቡ፤ ከመጀመሪያዋ ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያለውን የመጨረሻውን ስም ይመልከቱ። «ባንክዎ ነጥብ ኮም» የሚለው የባንክዎ አድራሻ ቢሆን፣ «ባንክዎ ነጥብ ኮም ነጥብ ማረጋገጫ ነጥብ ኔት» የሚለው ግን «ማረጋገጫ ነጥብ ኔት» የተባለውን ስም የገዛው ሰው አድራሻ ነው።